አምስቱ እርጥብ ምሰሶዎች

ኢንስፔክተር ማዕዛ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጣ የኮቷን ቁልፍ እየሰፋች ነው። እጇ ሥራ ካልያዘ ጆሮዋ አይሰበሰብም። ከፊቷ፣ የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ፣ የሕንፃው ዘበኛ በዳሳ በሸራ ተሸፍኗል። ጉርድ ሾላ ጀርባ ያለው ይህ ጅምር ሕንፃ የቆመበት መሬት ድሮ የእሱ ማሳ ነበር።

«ላይ ነው የሚያድረው» አለ የበሩ ዘበኛ ኢሳ። «ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከስድስተኛ ፎቅ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። አዲሱ ኮንክሪት እንዳይደርቅ ምሰሶዎቹን እያጠጣ ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ ስፈልገው ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«እሑድ አይደል? ትናንት ማታም ዛሬም የሕንፃው ባለቤት ጋሽ ተወልደ፣ ኢንጂነር ቃልአብና እኔ ብቻ።»

«እያጠጣ አንሸራተተው» አለ ቃልአብ። «ልጁ ከየካ አባዶ እየመጣች ነው። ሰክሮ ወደቀ እንበላትና ይብቃ።»

ማዕዛ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰክታ ስድስተኛ ፎቅ ወጣች። በጆንያ የተጠቀለሉ አሥራ ሁለት ምሰሶዎችን አንድ በአንድ ዳሰሰች። አምስቱ ረጥበዋል፤ ሰባቱ ደረቅ ናቸው።

ስትወርድ የፖሊሱ ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ከሞተ ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ ሆኖታል። መጠጥም አልሸተተኝም።»

ኢሳን፣ ቃልአብንና ተወልደን ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አሁን ረፋድ አራት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በዳሳ የሞተው ትናንት አመሻሽ ነው። ታዲያ ዛሬ ማን አጠጣ? በሕይወት አለ ብሎ የሚያስብ ሰው የእሱን ሥራ አይሠራለትም። ያጠጣው፣ መሞቱን የሚያውቅ ነው። ጋሽ ኢሳ፣ በዳሳ የትኞቹን ነበር የሚያጠጣው?»

«ሁሉንም ነዋ! ኢንጂነሩ ‹አንተ ገበሬ፣ ጎመን መሰለህ?› እያለ ይሰድበው ነበር።»

«ዛሬ የረጠቡት አምስት ብቻ ናቸው። ለምን ይሆን ጋሽ ተወልደ?»

«እኔ ምን አውቄ! በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ወጥቼም አላውቅ።»

«ኢንጂነር?»

«ሰባቱ ከተሞሉ ሳምንት አልፏቸዋል፣ ውሃ አያሻቸውም፤ አምስቱ ገና ሦስተኛ ቀናቸው…» ቃልአብ አፉን ያዘ።

«ኮንክሪቱ መቼ እንደተሞላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ኢሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዳሳ ‹ኢንጂነሩ ከምሰሶው ብረት እየቀነሰ ይሸጣል፣ ሰኞ ለጋሽ ተወልደ እነግራለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«ለዚህ ነው የገፋኸው» አለች ማዕዛ። «ያጠጣኸውም ለዚህ ነው።»

«ውሃ ካጡ ይሰነጠቃሉ» አለ ቃልአብ፣ የተማሪ ስህተት እንደሚያርም ሁሉ። «ከተሰነጠቁ ይፈተሻሉ።»

በካቴና ወሰዱት። ተወልደ ሸራውን አላየም፤ ቀና ብሎ ስድስተኛውን ፎቅ አየ።

«ልጄ፣ ሰክሮ ነው ቢባል ማን ይጎዳል? ስልሳ ቤት ተሽጧል እኮ!»

የግቢው በር ተንኳኳ። አንዲት ሴት የአባቷን ስም እየጠራች ነው።

«እውነቱን የምነግራት እኔ ነኝ» አለች ማዕዛ። የቁልፉን ክር ቋጥራ በጥርሷ በጠሰች፤ መርፌውን የክሩ ጥቅልል ላይ ሰክታ ከረጢቱ ላይ አስቀመጠችው።