ባለቁልፉ ያልከፈቱት በር

«ይቺኛዋስ?» አሉ ሴትየዋ፣ ከደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ በር በጣታቸው እያንኳኩ።

ቤቱን ለገዢ የምታስጎበኘው ልጅ፣ ጠበቃ፣ ይህን ጥያቄ ፈርታ ነበር። ጉብኝቱ ሁልጊዜ እስከዚህች በር ድረስ ጥሩ ነው። ሳሎኑን ያደንቃሉ፣ ጓሮውን ይወዱታል፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋቸውን በሐሳብ ይዘረጋሉ። እዚህ ሲደርሱ ነገር ይበላሻል።

«እሷ እንኳን አትጠቅማችሁም፤ ዕቃ ቤት ናት» አሉ አያቷ። «ይልቅ ወደ ጓሮ እንውጣ።»

«ግዴለም፣ አንዴ ከፈት አድርገው ያሳዩን።»

«አሮጌ ዕቃ ነው የሞላባት። አቧራው ያስነጥሳችኋል።»

ሴትየዋ ባላቸውን አዩ፤ ባልየው በሩን አዩ። ከዚያ ጓሮውን ለይስሙላ ቃኘት አድርገው፣ «እናስብበታለን» ብለው ወጡ። «እናስብበታለን» ብለው የወጡት ሁሉ የምር እያሰቡ ቢሆን ኖሮ ከተማው በፈላስፋ በተጥለቀለቀ ነበር።

ጠበቃ ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ከሰው አልፋ ከቴሌቪዥን ጋር ስለምትከራከር። ቤቱ ለሽያጭ ከቀረበ ጀምሮ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚህ ትመጣለች። ትጠርጋለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ገዢ ታስጎበኛለች። ምክንያት አላት። አያቷ ባለፈው ክረምት ከዚህ ደረጃ ተንሸራተው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ድረስ ብቻቸውን ወለል ላይ ተኝተው ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ የእናቷ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። አሁን ከእነሱ ቤት ፊት ለፊት ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት ተገኝታለች፤ የቤቷ ባለቤት ግን የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ይህ ቤት እስከዚያ ካልተሸጠ ያቺ ለሌላ ሰው ትሄዳለች።

ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ በር ላይ አስቆማት።

«ስሚኝ ሚጡ፣ ሰው ያላየውን አይገዛም። አንዱ ግድግዳው ፈርሶ ነው ይላል፣ ሌላው ውሃ ገብቶበት ነው ይላል። የዛሬው ሰውዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሰው ደብቀው ይሆን?" ጉድ እኮ ነው!»

«እኔም አላየኋትም። አባባ አይከፍቷትም።»

«እንግዲያው መላ አለኝ። ቅዳሜ ሌሎች ሰዎች አመጣለሁ። "ቁልፉ አጎቴ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ውጭ አገር ነው" በይና ገላግይን። ከአንቺ አፍ ሲወጣ እውነት ይመስላል።»

እውነት ለመናገር ይህ ሙገሳ ደስ አሰኛት። ውሸቱም ያን ያህል የሚከብድ አልመሰላት። እያብላላችው ተመልሳ ወደ ቤት ገባች።

አያቷ ከደረጃው ሥር ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው። የቆዳ መጠቅለያቸው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ጠፍጣፋ ብረቶች። አንዷን ሽቦ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ሲያስጠጉ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ሽቦዋ ወደቀች። አነሷት። እንደገና ወደቀች።

«አባባ፣ ቁልፉ የለም እንዴ?»

ቀና አላሉም። «ጠፋ።»

«መቼ?»

«ቆየ።»

ሳቋ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አያቷ እኮ ባለቁልፉ ናቸው! የሰፈሩ ሰው በር ሲቆለፍበት ከልጁ አስቀድሞ የሚጠራው እሳቸውን ነበር። ግን እጃቸውን አየችና ሳቋ ቀረ።

«ታዲያ አስፋልቱ ዳር የቁልፍ ሱቅ ያለውን ልጅ እንጥራዋ።»

«ማንን? እኔ ሙያ ያስያዝኩትን? ነገ "ባለቁልፉ በገዛ ቤታቸው ተቆለፈባቸው" ሲባል ልስማ?»

«እሺ፣ እንስበረው።»

«በር የሚሰብር ሌባ ነው!»

«ጥሩ። እርስዎ ሙያው አለዎት፣ እጅ የለዎትም። እኔ እጅ አለኝ፣ ሙያው የለኝም። የሁለታችን ተደምሮ አንድ ቁልፍ ሠሪ አይወጣውም?»

ባለቁልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ሞኝሽን ፈልጊ» ቢሉም ሽቦዋን ሰጧት።

ቀላል አልነበረም። ጠፍጣፋዋን ብረት በአንድ እጅ ለስለስ አድርጎ መያዝ፣ በሌላው እጅ በሽቦዋ ውስጥ ውስጡን መዳሰስ ነው። ሽቦዋ አሥር ጊዜ አመለጠቻት።

«አትታገይው፤ ዝም በይ።»

«ዝም ብያለሁ እኮ!»

«አፍሽ ዝም ብሏል። ጣትሽ እየተከራከረ ነው።»

ጣቷን አላላች። ዓይኗን ጨፈነች። ውስጥ የሆነ ነገር ትንሽ ሸሸት አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ቀጭ! በሩ ራሱ ወደ እሷ መጣ።

«ይኸው!» ብላ ስትጮህ ጭንቅላቷን ከደረጃው ጋር አጋጨች።

ውስጥ የፈረሰ ግድግዳ አልነበረም፤ የተደበቀ ሰውም የለም። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የደረቀ ቀለም፣ አንድ ጃንጥላ። ግድግዳው ላይ ምስማር አለ፤ ምስማሩ ላይ ደግሞ ቁልፉ ተንጠልጥሏል።

አያትና የልጅ ልጅ ተያዩ። በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ነው። ባለቁልፉ ዕድሜ ልካቸውን «ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን የሚዘጋ ሰው እንጀራዬ ነው» እያሉ በደንበኞቻቸው ሲስቁ ኖረዋል። አሁን ግድግዳውን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪፈስ በራሳቸው ሳቁ። ጠበቃም አብራቸው ሳቀች።

ሲረጋጉ የቆዳ መጠቅለያውን ጠቅልለው፣ የሚጣሉ ነገሮች የሚጠራቀሙበት ካርቶን ውስጥ ከተቱት። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» አሉ።

ቅዳሜ ደላላው አንዲት ነርስና ሾፌር ባሏን ይዞ መጣ። ጉብኝቱ ከደረጃው ሥር ደረሰ። ጠባቧ በር ወለል ብላ ተከፍታለች።

«የዚህ ቁልፍ ውጭ አገር ነው አልተባለም እንዴ?» አለ ሾፌሩ ደላላውን።

ደላላው ደንግጦ ወደ ጠበቃ ጠቀሰ። «መጣ መሰለኝ። አይደል ሚጡ?»

«አዎ፣ ትናንት በሰው ላከልን» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ምላሷ ላይ ደርሷል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ገመናው የአያቷ ነው። ቀና ብላ አየቻቸው። ለአንድም ሰው ክርክር ለቅቃ የማታውቀው ልጅ አፏን ዘጋችና ነገሩን ለባለቤቱ ተወችለት።

ባለቁልፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውጭ አገር የሄደ ቁልፍ የለም» አሉ። «እኔ ቁልፍ ሠሪ ነበርኩ። ቁልፉን ውስጥ ትቼ በሩን ዘጋሁት። እንዳልከፍተው እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ እንዳልናገር አፈርኩ። የከፈተችው ይቺ ናት።»

ደላላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ነርሷ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ግን ሳቋ አመለጣት፣ ባሏም ተከተላት።

«ሌላስ የደበቁን ነገር አለ?» አለች፣ እየሳቀች።

«ደረጃው ያንሸራትታል። እኔን ጥሎኛል። መደገፊያ አድርጉለት።»

ሾፌሩ ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ፣ በጫማው ፈተገው። ከዚያ እስከዛሬ ከመጡት ገዢዎች አንዱም ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«መቼ ትለቁልናላችሁ?»

ዋጋ ለመነጋገር ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። ጠበቃ ደስታዋ እስኪበርድላት ኮሪደሩ ላይ ቆየች። ያቺ ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት በዓይኗ ላይ ሄደች፤ መስኮቷ ከእሷ መኝታ ቤት መስኮት ጋር ትይዩ ነው።

«ጠበቃ!» ሲሉ ተጣሩ አያቷ። «የት ገባሽ? ነይ እንጂ፣ ክርክሩ ተጀምሯል!»

«መጣሁ አባባ!»

ከመግባቷ በፊት ግን የሚጣሉ ነገሮች ካርቶን ላይ ጎንበስ አለች። የቆዳውን መጠቅለያ አወጣች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ከደብተሮቿ መሃል፣ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።