በዘፈን የተሸፈነ ጸሎት

ብፅዓት ልጅ ሳለች፣ ለንደን፣ አርችዌይ ሰፈር ባለው ፍላታቸው ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰምታ ነበር። «ለማን እንደሚሰግድ የማይታወቅ ወንድ ለትዳር አይሆንም» አለች አንዷ። ሌላዋ ምን እንደመለሰች ግን ትዝ አይላትም።

ይኸው በራሷ ደረሰ። እጮኛዋ ዘማርያም ለዕረፍት ጃፓን ሄዶ፣ ጥንታዊውን የተሳላሚዎች ተራራ ሲወጣ፣ ከአንዲት ትንሽ የሺንቶ እምነት መቅደስ ፊት ጫማውን አውልቆ ተንበረከከ። አብሮት የሄደው ጓደኛው ዓለምሰገድ ቀረጸውና የጭፈራ ዘፈን ጨምሮ ለቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ግሩፕ ለቀቀው።

«ዘማርያም ተብለህ!» አለችው ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ገና ሻንጣውን ሳያሳርፍ። «ዓለም ቢሰግድ አንተ ትሰግዳለህ?»

«ብፅዓትዬ፣ አድምጪኝ...»

«አላደምጥም! አባዬ ‹ጣዖት ሰጋጅ የላከው ሽማግሌ በዚህ በር አይገባም› ብሏል። አለቀ!»

«ዝናብ ነበር። አንዲት አሮጊት የመቅደሱን ደጅ ትጠርጋለች። እዚያ ካለው ገንዳ ውሃ በጭልፋ ቀድታ ሰጠችኝ...»

«እና?»

«ጠበል መሰለኝ። አማትቤ ጠጣሁት።»

«ጠጣኸው?!»

«ለካ እጅ መታጠቢያ ነው። ሴትዮዋ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን ፈጣሪዬ ትዝ አለኝ። ተንበርክኬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። አባትሽ አንቺን እንዲሰጡኝ ለመንኩ...»

የብፅዓት ደም ፈላ፤ አሁን ግን በሌላ ሰው። እዚያው ቆማ ቀድሞ ወደተመለሰው ጓደኛው ደወለች።

«ዓለምሰገድ፣ ዘፈን የሌለበትን ቪዲዮ ላክ። አሁኑኑ!»

«ኧረ ጆክ ነው እኮ፣ እህቴ...»

«የሰው ጸሎት ነው ጆክህ? የእኔ ትዳር ሲፈርስ አንተ ላይክ ትሰበስባለህ?»

ላከ። በዝናቡ መሐል የዘማርያም ድምፅ ተሰማ። ጸሎቱን ሲጨርስ እሷን በክርስትና ስሟ ጠራት፤ «ወለተ ሥላሴን አደራ...» አለ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቁጣዋ ግን አልበረደም።

አባቷ አቶ ፀሐዬ ማታውን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ደግመውም ሰሙት።

«የክርስትና ስምሽን ያውቃል?»

«ያውቃል፣ አባዬ።»

ስልኩን መለሱላት። ከዚያ ወንበሩን በጡጫ መቱት። «ታዲያ በዚህ ላይ ነው ጭፈራ የሚጫነው?! እሑድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ ልጄን እሰጣለሁ። ያ ጎረምሳም አብሯቸው ይምጣ!»

«እኔ? ሽማግሌ?» ብሎ ጮኸ ዓለምሰገድ በስልክ ሲነገረው። ብፅዓት ስልኩን አልዘጋችም፤ እሺ እስኪል ጠበቀችው። በመጨረሻ ዋናውን ቪዲዮ ከነይቅርታው ለግሩፑ ሊልክ፣ እሑድም ሱፉን ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊቆምና «ልጅዎን ለወንድሜ ይስጡልን» ሊል ተስማማ።