የአዝማሪ ቢሻው ቤት ጠባቂ

አለምነው ከምሰሶው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ባዶ እግሩን ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ከበላዩ የሣር ክዳኑ ተቀዷል፤ በቀዳዳው የግንቦት ጉም እየተሳበ ይገባል። መሰላል ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል።

ቤቱ ከመቶ ዓመት በፊት ዘፈኑ ከቦረና እስከ ጎጃም ይዜምለት የነበረው አዝማሪ ቢሻው ተወለደበት የሚባለው ጎጆ ነው። አለምነው ጠባቂው ስለነበር ሌሊቱንም እዚያው ያድር ነበር።

ሳጅን ፈርሂያ ከመካነ ሰላም በበቅሎ ስትደርስ የቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ ሰዎች ቃሬዛውን አዘጋጅተዋል። ከአጥሩ ውጭ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ቆመዋል። የሚያዩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሚሊሺያው እጁን የኋሊት ያሰረውን ክዳን ሠሪውን ጋሹን።

«ሬሳ አይቆይም፣ ልጄ» አሏት አቶ አካሉ። የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ክርስቲያን ሬሳ የገነዙ፣ የአዝማሪውም የልጅ ልጅ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብር ነው። ክዳን ሊጠግን ጫማውን አውልቆ ወጣ፣ መሰላሉ ከዳው። መሰላሉን የሠራውም ያውና! የሸክላ ሠሪ ልጅ የነካው መች ይጸናል? ዓይኑም ደግ አይደለም።»

«መሰላሉ ሦስት ሰው ይችላል» አለ ጋሹ። «ወጥታችሁ እዩታ! ምነው፣ ፈራችሁ?»

ከጎረምሶቹ አንዱ ምራቁን እንትፍ አለ። ፈርሂያ ገባት። ከቀብር የሚመለሰው ሕዝብ በቀጥታ የሚወርደው ወደ ጋሹ ጎጆ ነው። ያላት ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነበር።

ብቻዋን ገባች። መሰላሉን ወጣችበት፤ ንቅንቅ አላለም። ሬሳውን ገልበጥ አድርጋ አየች፤ ደርቋል። ደረቱ ላይ የክዳን ሣር ተበትኗል፤ ከጀርባው ሥር ግን አንዲት ሰበዝ የለችም። እግሮቹን ስታይ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ሁለቱ አውራ ጣቶች እንደተጣበቁ ደርቀዋል፤ ቀጭን ሰርጓዳ መስመርም ዞሯቸዋል። እግሮቹን በጋቢው ሸፍና ወጣች።

«ጋሹ፣ ጠዋት ያገኘኸው አንተ ነህ። ነካኸው?»

«እኔ? የሰው ሬሳ እንድነካ ማን ፈቅዶልኝ? ቅሬውም አባል አድርጎ አላስገባኝ። ከደጃፍ ሆኜ ጮህኩ እንጂ።»

ቀጥሎ ጅዳ ሠርቶ የተመለሰውን አሕመድኑርን ጠራችው። ከጎጆው አጠገብ ለጎብኚ ሆቴል እያሠራ በአጥር ከአለምነው ጋር ተጣልቷል።

«ወላሂ፣ ትናንት ከላላ ከተማ ገበያ ውዬ እዚያው አደርኩ። አሁን መግባቴ ነው።»

ፈርሂያ የመጣባትን በቅሎ ዳበሰቻት። ላቧ አልደረቀም፤ ከላላ ማደሩንም አብረውት የመጡት ሁለት ነጋዴዎች መሰከሩ።

የሟቹ ሚስት በዛች ድምጿ ተዘግቷል። «አብሽሪ እታለም» አለቻት ፈርሂያ። «ሰሞኑን ምን ይል ነበር?»

«"ቢሻው የተወለደው በዚህ ቤት አይደለም፤ እታች ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ነው። እናቱ ወርቂቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቅዳሜ ቤቱን በቅርስነት ሊመዘግቡ ለሚመጡት እነግራለሁ" ይል ነበር። ተው አልኩት። ለአሕመድኑርም ነግሮታል፣ ለአባባ አካሉም። ምስጢር ሆዱ አይቋጥርም ነበር።»

ስምንት ሰዓት ላይ ፈርሂያ ሁሉንም ወደ ጎጆው አስገባች። ጋሹንም።

«በሉ አባባ አካሉ፣ ይገንዙት።»

እሳቸውም ተንበረከኩ። ፊቱን አጠቡ፣ አገጩን አሰሩ፣ እጆቹን አስተካከሉ። ከዚያ «በሉ፣ ከፈኑን» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እግሩስ?» አለች ፈርሂያ።

አካሉ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«እኔ እስላም ነኝ፤ አያቴ ግን ክርስቲያን ነበረች። አውራ ጣቷ ሲታሰር አይቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ሲገንዙ ጣት ሳያስሩ ያሳለፉት ሬሳ አለ?» ጋቢውን ገለጠችው። «ይህን ግን ትናንት አስረውታል፤ ምልክቱ እንዳይታይ አሁን እግሩን ዘለሉት። እዩት፣ ምልክቱ ይኸው።»

በዛች ጎንበስ ብላ ጣቶቹን አየች።

«አለምነው ከክዳን አልወደቀም። ወድቆ ቢሆን እግሩ በተበተነ፣ የቀደደው ሣርም ከሥሩ በተገኘ። ሣሩ ከላዩ ብቻ ነው፤ ክዳኑ የተቀደደው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የገደለው ሰው ትናንት ማታ ጫማውን አውልቆ ጣቱን አስሮት ሄደ። ጎህ ሲቀድ ተመልሶ ክሩን በጠሰ፣ ክዳኑን ቀደደ፣ መሰላሉን አቆመ። ጣቶቹ ግን እንደታሰሩ ደርቀው ጠበቁት። አሕመድኑር ከላላ ነበር። ጋሹ ግንዘት ከሩቅ እንጂ በእጁ አያውቅም። እጁ ሳያስበው ሬሳ የሚያሰናዳ፣ የቢሻው እናት ሸክላ ሠሪ ከተባለችም ልጁን የሚያገባለት የሚያጣ፣ እዚህ አንድ ሰው ነው።»

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አሉ አካሉ ቀስ ብለው። «የፈነከተው የምሰሶው ሥር ድንጋይ ነው። ለቅዳሜ ዝም በል ብዬ ለመንኩት፣ ሳቀብኝ። ከዚያ... እግሩን በትኖ ተጋድሞ እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ? ሬሳ እኮ ነው።»

«ለሬሳው አዘኑ። ጋሹን ግን ለዚያ ሁሉ ዱላ ሰጡት። እንደ ሟቹ ቃል ከሆነ ደግሞ ዘመድዎ ነው።»

ሚሊሺያው የጋሹን ገመድ ፈትቶ በዚያው ገመድ እሳቸውን አሰረና ይዟቸው ወጣ። ጎረምሶቹ መንገድ ለቀቁ፤ ዱላቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው።

ግንዘቱ እንደተጀመረ ቀረ። ከቅሬው ወንዶች ወደፊት ራመድ ያለ የለም።

«ጋሹ» አለች በዛች። «ና፣ ያዝልኝ።»

«ኧረ በዛች!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ምን ኧረ ትለኛለህ? ከመጣህ አንተ ና!»

ማንም አልመጣም። ጋሹ እጁን ታጠበና ተንበረከከ። ክሩን ተቀበለ፤ በየት በኩል እንደሚዞር አላወቀበትም። በዛች ሁለት እጆቿን በእጆቹ ላይ አድርጋ፣ ቀስ እያለች አሳየችው።