በመጥረቢያ የወጣ ከርቤ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ሥር የተቀመጥከው፣ ጀርባህን ለጨለማ አትስጥ፤ ና ወዲህ! የዛሬው ለሳቅ አይደለም። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ይተኛ፤ ኋላ ሸኘን ብትሉኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ድሮ ነው። ቆላ አገር ነው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ እዚያ ዘመድ ያለው አይጠፋም። በዚያ መንደር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ትርንጎ የምትባል ሚስት ነበረችው። ይወዳት ነበር፤ ምን ልበላችሁ፣ ሰው እስኪታዘበው ድረስ ይወዳት ነበር። ታዲያ አጨዳ ላይ ሳለች ማጭድ ጭኗን ቆረጣት። ትንሽ ነው ተባለ። ትንሽ ነው የተባለው አመረቀዘ። እግሯ አበጠ፣ ጠቆረ። ሰውነቷ እሳት ሆነ።

የመንደሩ መድኃኒት አዋቂ እሜት ዘርፌ ናቸው። ተጠርተው መጡ። ቁስሉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን የሚያደርቀው ከርቤ ነው» አሉ። «አላምጬ አኖርበታለሁ፤ መግሉን ይስበዋል። የኔ ግን አልቋል። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከዛፉ ይምጣ።»

«ሄድኩ» አለ ጓንጉል።

«ቆይ፣ ስማኝ! ዛፉ ራሱ ያነባውን ብቻ ልቀም። ብረት እንዳታስነካው። በብረት የወጣ ከርቤ ባለቤት አለው። ደግሞ ብቻህን አትሂድ፣ ሰው ቀስቅስ።»

«ሰው እስኪነሳ ትሞትብኛለች፣ እሜቴ!»

ለጅብ ብሎ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ወጣ።

ሰዓቱ ስንት ነው? ውሻ እንኳ መጮህ የሚሰለቸው ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። መንገዱ እሾህ ነው። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ደረቁን ወንዝ ተሻገረ። ዛፉ ጋ ደረሰ። ግንዱን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። ቅርንጫፉን ዳበሰ፤ እሾህ ወጋው እንጂ የከርቤ ጠብታ የለም። ለካ ቀን ሌላ ሰው ለቅሞት ሄዷል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሚስታችሁ እየሞተች ባዶ እጃችሁን ትመለሱ ነበር? አትዋሹኝ!

ጓንጉልም አልተመለሰም። መጥረቢያውን አንስቶ ግንዱን መታው። አንዴ ብቻ ነው የመታው። ወዲያው ፈሰሰ። ከርቤ መቼ እንዲያ ይፈሳል? ቀስ እያለ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ይህ ግን ተንዠቀዠቀ። ትኩስ ነበር። በቅጠል ተቀበለው፤ ወዲያው ረጋ፣ ጠጠረ።

«ተመስገን!» አለ። አይ ጓንጉል! ለማን ነው ተመስገን ያልከው?

መመለስ ጀመረ። ከኋላው ኮሽ አለ። ቆመ፤ ኮሽታውም ቆመ። ሄደ፤ ኮሽታውም ሄደ። «ጅብ ነው» አለ ለራሱ። ጅብ ነው? ጥቂት እንደሄደ የከርቤ ሽታ አፈነው። ከእጁ አይደለም፤ ከፊት ለፊቱ ነው የሚመጣው። ጥቂት እንደሄደ ደግሞ ከወንዙ ዳር ነጭ ነገር ታየው። ነጠላ የተከናነበ ሰው ይመስላል። ቁጭ ብሏል።

«ጓንጉል» አለው።

ድምፁ የትርንጎ ነው።

በሌሊት የሚጠራ ድምፅ ደግሞ ደጋግሞ ካልጠራ አቤት አይባልም። ይህን ጡት የጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ግን የገዛ ሚስት ስትጣራ ማን ይቆጥራል?

«አቤት! ትርንጎ! አንቺ ሴት፣ ምን ልሁን ብለሽ ወጣሽ?»

«ባሰብኝ፣ ጓንጉሌ። ስትቆይብኝ ጊዜ መጣሁ። ቶሎ በልልኝ።»

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መገላበጥ ያቃታት ሴት ወንዝ ድረስ በምን እግሯ መጣች? እናንተ ሞቋችሁ ስለተቀመጣችሁ ጠየቃችሁ። እሱ አልጠየቀም። ሆዱ ባባ፤ እያለቀሰ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ከርቤውን አፉ ውስጥ ከትቶ አላመጠ። ምርር አለው፤ ቢሆንም አላመጠ።

«ሁሉንም አድርግልኝ» አለችው። «ምንም እንዳታስቀር።»

ምንም አላስቀረም። በጨለማ እየዳበሰ ቁስሉን ሞላው።

ያኔ እጁ ነገረው። የትርንጎ ቁስል ጠባብ ነበር። ይህ ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ነው፤ መጥረቢያ የገባበት ነው። ገላውም ገላ አይደለም፣ ሻካራ የዛፍ ቅርፊት ነው። ደንግጦ እጁን ሊያነሳ ሲል እጁ እምቢ አለ። ተጣብቋል! ቀና ብሎ ቢያይ፣ ፊት የለም። ነጠላው ውስጥ ያለው ጨለማ ብቻ ነው።

«የቆረጠኝ እጅ አከመኝ» አለው ጨለማው። «በል ሂድ።»

ጓንጉል ጮኸ። እጁን ሲመነጭቀው የመዳፉ ቆዳ እዚያው ቀረ። ነጠላ የለም፤ ሴት የለችም። ከወንዙ ማዶ ትቶት የመጣው ዛፍ ፊቱ ቆሟል። ግንዱን በተላጠ እጁ ዳበሰው፤ አንድም ቁስል፣ አንድም ጠብታ የለበትም። መጥረቢያውን ፈለገ፤ እሱም የለም። በጥፍሩ ቧጠጠው፣ በጥርሱ ነከሰው፣ ለመነው። ዛፍ ይለመናል?

ደሙን እያንጠባጠበ ቤቱ ደረሰ። ኩራዙ በርቷል። ትርንጎ በሕይወት አለች። አዎ፣ በሕይወት አለች! ኮቴውን ስትሰማ ቀና አለች። ከታመመች ጀምሮ ጥርሷ ያልታየ ሴት ፈገግ አለች።

«እመጣለሁ ብለሃል ብዬ እኮ ነው ነፍሴን ይዤ የቆየሁት» አለችው። «በል ስጣቸው፣ ያድርጉልኝ።»

እሜት ዘርፌ እጃቸውን ዘረጉ። ጓንጉልም ዘረጋ። ሁለቱም እጆቹ ባዶ ነበሩ።

ፀሐይ ሳትወጣ የመርዶው ጡሩምባ ተነፋ።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንተ ቤቴ ቅርብ ነው፣ ብቻዬን እሄዳለሁ የምትለው፣ አርፈህ እዚሁ ታድራለህ። ክርክር አልወድም!