ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ

ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኖቹ ወደ ሰማይ እንደተከፈቱ ቀርተው ነበር። ሄልሜቱ አገጩ ሥር እንደታሰረ ነው፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ድንጋዩ ያገኘው ከሄልሜቱ ጠርዝ በታች፣ ግንባሩንና የአፍንጫውን አጥንት ነበር።

መርማሪዋ በገመድ ወርዳ እግሯ መሬት እስኪነካ ድረስ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ ጨርሳለች። መሥሪያ ቤት ውስጥ «መርፌ» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው የሚሉት፣ እሷም የማታውቅ ትመስላለች። ከፊቷ ጥቁሩ የገደል ግድግዳ ሳጥን ውስጥ እንደቆሙ እርሳሶች ዓምድ ከዓምድ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል። ከኋላዋ ወንዙ ይጮኻል። ሃምሳ አለቃው ሊያናግራት ሲፈልግ ጆሮዋ ሥር መግባት ነበረበት።

«አደጋ ነው አለቃ! ይህ ገደል ድንጋይ መጣል ልማዱ ነው።»

«የጣለውን አሳየኝ።»

ድንጋዩ በአንድ እጅ የሚነሣ አይደለም። አንደኛው ፊቱ በግራጫ የድንጋይ ሽበት ተሸፍኗል፣ ሌላው ፊቱ ላይ እርጥብ አፈር ተጣብቋል።

«ከግድግዳ የተላቀቀ ቢሆን ትኩስ ስብራት ይኖረው ነበር» አለች። «ይህ ግን ሜዳ ላይ ተኝቶ የኖረ ነው። ከተኛበት የቀሰቀሰው ሰው አለ።»

ሟቹ መንገድ መሪ ነበር። ገደል ላይ ስለማይንሸራተት ድሮ «ፍየሌ» ይሉት ነበር፤ ካቻምና ግን ያ ስም ቀርቶ «ደንቆሮው» ተባለ። የዚያን ዕለት እንደ ልማዱ ቀድሞ ወርዶ፣ ለሚከተሉት ገመዱን ሊይዝላቸው ግድግዳው ሥር ቆሟል። ላይ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ የሥራ ሸሪኩ፣ አንድ የድንጋይ ጥናት መምህርና አንድ ሽማግሌ አናጢ። በመካከላቸው ቁጥቋጦ ስላለ አንዱ ሌላውን አያይም።

መርማሪዋ ወደ ላይ ተመልሳ፣ አፋፉ አጠገብ በተተከለ ድንኳን ውስጥ መጀመሪያ ያስገባችው ሸሪኩን ነበር። አፉ ፈጣን ሰው ነው።

«እኔ ገመዱ የታሰረበት ዛፍ ጋ ነበርኩ። በግራ የመምህሩ መዶሻ ቋ ቋ ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ‹ድንጋይ!› ብሎ ጮኸ፤ መዶሻውም ያኔ ቆመ።»

«ማን ነው የጮኸው?»

«ገደሉ ድምፅ እየመለሰ ግራ ያጋባል። አለየሁትም።»

«ድንጋይ ሲወድቅ ልማዳችሁ መጮኽ ነው?»

«ወንዙ እያለ ማን ሊሰማ? አንድ ረጅም ፊሽካ ነው የምንነፋው። ታች ያለው ሰው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቀና አይልም፤ ቀና ያለ ፊቱን ያጣል።»

«ቀና የሚያስብል ፊሽካስ የለም?»

«ሦስት አጭር። እርዱኝ ማለት ነው፤ የሰማ ሁሉ ዞሮ ያያል።»

«ዛሬስ?»

«ሰምቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሦስት አጭር፣ ከዚያ ጩኸቱ። እኔ የነፋሁ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው የደበቅሁት። እኔ ጎብኚ እናምጣበት ስል፣ እሱ ‹ሰው የበላ ገደል ነው› እያለ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው።»

መምህሩ ጥፍሩ ሥር ሳይቀር የድንጋይ ትቢያ ገብቷል። ስለ ሞተው ሰው ቢጠየቅ ስለ ገደሉ ጀመረ።

«ይህ ሁሉ የቀለጠ እሳት ነበር። እየበረደ ሲሄድ ተሰነጣጠቀና ዓምድ ሆነ።»

«ጉልበቴም እንደዚያው ነው የሆነው። ገደሉ በላ የተባለውን ሰው ይንገሩኝ።»

የመምህሩ ፊት ጠቆረ። «ተማሪዬ ነበር፣ የአናጢው ልጅ። ካቻምና ደራሽ ውኃ ከመታጠፊያው ወዲያ ያዘው። መሪው እዚሁ ግድግዳ ሥር ነበር። ልጁ ሲገኝ ፊሽካው በጥርሱ መካከል ነው። መሪው ግን ‹አልሰማሁም› ብሎ ማለ።»

«እርስዎ አመኑት?»

«አላመንኩትም። ወደዚያ የላክሁት እኔ ነኛ! የምረግመው ሌላ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።»

አናጢው ሲገባ መርማሪዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሰፋፊ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ፤ እጆቹ ፈጽሞ አይንቀሳቀሱም። መሪውን በሰው ሁሉ ፊት አቅፎ ይቅር ሲለው ያላለቀሰ እንዳልነበረ ነግረዋታል።

«ልጄ የቀረበትን ልየው ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «አፋፉ ላይ ተቀምጬ ውኃውን አያለሁ። ‹ድንጋይ› ሲባል ሰማሁ። ይኸው ነው።»

«ፊሽካስ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«የልጅዎ ፊሽካ ቤትዎ ነው ያለው?»

«ወንዝ የወሰደው ይመለሳል እንዴ ልጄ?»

የሟቹ ሚስት የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። አላለቀሰችም። የመርማሪዋን ክንድ ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ገዳዩን አንቺ ታገኚዋለሽ። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ባሌ ያን ቀን ሰምቷል ወይስ አልሰማም? ልጆቼ ትምህርት ቤት የደንቆሮው ልጆች እየተባሉ ነው። እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንድ ቀን አላምነውም ነበር።»

«ፊሽካውን ወንዝ ወሰደው?»

«ማን አለ? ባሌ ራሱ ከልጁ ጥርስ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ለአባትየው በእጁ ሰጠው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረውም።»

መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች እንደገና ወረደች። ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያ ከአፋፉ፣ ቀጥሎ ከመታጠፊያው ወዲያ ፊሽካ እንዲነፋ አዘዘችው። እሷ ሟቹ የወደቀበት ቦታ ቆመች። ሃምሳ አለቃው ሁለቱንም ጨርሶ ሲመጣ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

«ሳንባዬ እስኪወጣ ነፋሁልሽ አለቃ!»

ማወቅ የማትፈልገውን ነገር አውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም፣ የሟቹን ሚስት ጨምራ፣ በገመድ አውርዳ ግድግዳው ሥር ሰበሰበቻቸው። በወንዙ ጩኸት መካከል ለመደማመጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆሙ።

«ሟቹ ሕይወቱን ሙሉ ገደል ላይ የኖረ ሰው ነው» አለች። «የድንጋይ ምልክት ቢሰማ ኖሮ ይለጠፍ ነበር፣ ምቱም ሄልሜቱን ያገኘው ነበር። የተመታው ግን ፊቱን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በሦስት አጭር ፊሽካ ቀና አስብሎታል። ‹ድንጋይ!› የሚለው ጩኸት እዚህ አይሰማም፤ የተጮኸው ላይ ላሉት ጆሮ ነው፣ አደጋ እንዲመስል።»

ሸሪኩ እግሩን ቀያየረ።

«አንተ ብትነፋው ኖሮ ፊሽካ ሰማሁ አትለኝም ነበር። የመምህሩ መዶሻ እስከ ጩኸቱ ድረስ አልቆመም፤ ያን ድንጋይ ለማንሣት ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ለጥቅም የሚገድል ሰው የሟቹን ዓይን ማየት አይፈልግም። ይህ ገዳይ ፈልጓል። አባባ፣ ከሁሉም ለአፋፉ የቀረቡት እርስዎ ነበሩ፤ ዛፉ ጋ የተሰማው ፊሽካ እርስዎ ጋ አልተሰማም። ወንዝ ወሰደው ያሉኝን ፊሽካም ሟቹ በእጁ ሰጥቶዎታል። ሸሚዝዎን ይክፈቱልኝ።»

አናጢው አልተከራከረም። በክር አንገቱ ላይ ያሰረውን ፊሽካ አወጣው።

«ይቅር ማለቴ ከአንጀቴ አልነበረም» አለ፤ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። «ግን ያለ ማስረጃ አልነካሁትም። አልሰማሁም ብሎ ምሏል፤ እሺ፣ እዚያው ቦታ ይቁም፣ እዚያው ወንዝ ይጩኽ፣ ያው ፊሽካ ይነፋ አልኩ። ካላየ ድንጋዩን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር፤ በልጄ ሞት! ነፋሁ። ቀና አለ። ይሰማል! ያን ቀንም ሰምቶ ነው ልጄን የተወው። ፊቴን አይቶ ሞተ። ትናንት ከካቻምና ወዲህ ተኝቼ የማላውቀውን እንቅልፍ ተኛሁ።»

መርማሪዋ ይህን ሽማግሌ ከነእንቅልፉ እስር ቤት ብታስገባው የሚጎዳ ሰው አለ ወይ ስትል አሰበች። ከዚያ የሟቹን ሚስት ዓይን አየች። ሴትዮዋ ትናንት የጠየቀቻትን አሁንም እየጠየቀቻት ነበር።

«እርስዎ የነፉት ከላይ ነው» አለች መርማሪዋ። «ልጅዎ የነፋው ከመታጠፊያው ወዲያ ነበር።»

«ምን ልዩነት አለው?»

ሚስትየው እጇን ዘረጋች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሽማግሌውን አንቱ ስትለው ኖራለች።

«አምጣው» አለችው።

ፊሽካውን ነጥቃ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጠች ሄደች፣ ከመታጠፊያው ወዲያም ተሰወረች። ሃምሳ አለቃው መታጠፊያው ማዕዘን ላይ፣ ከሁለቱም ወገን በሚታይበት ቦታ ቆመ። በነፋች ቁጥር እጁን እንዲያነሣ መርማሪዋ በጆሮው ነግራዋለች።

ሽማግሌው ጆሮውን ወደ ውኃው አዘነበለ። የሃምሳ አለቃው እጅ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሦስት ጊዜ ተነሣ። ሸሪኩና መምህሩ መሬት መሬት ያያሉ። አናጢው አንድ እርምጃ ወደ ወንዙ ተራመደ፣ ከዚያም ሌላ፤ ጫማው ውኃ ውስጥ ገባ። ሳይንቀሳቀሱ የኖሩትን ሰፋፊ እጆቹን ከጆሮዎቹ ኋላ ደገነ።

«ምን ትጠብቃለች?» ብሎ ጮኸ። «ንፊ በሏት እንጂ!»

መርማሪዋ ትከሻውን ያዘችው።

«እየነፋች ነው አባባ።»