በምሳ ሰዓት የሚለወጥ ጎማ

ሒክማ ብስክሌቷን ልታነሳ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። የፊቱ ጎማ ተቀይሯል።

የተገጠመው የሌላ ሰው ጎማ አልነበረም፤ የራሷ የድሮው ጎማ ነው። ጠዋት ከልምምድ ተመልሳ ብስክሌቷን ስታቆም ግን የተገጠመው አዲሱ ነበር። አሁን ላስቲኩን የሚይዘው ክብ፣ ቸርኬው፣ ሰፊ የሆነው ጥቁሩ ጎማ ወርዶ ግድግዳው ጥግ ተደግፏል። ተወርውሮ አይደለም፤ በጥንቃቄ ነው የተቀመጠው። እንዳይጫር ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ሳይቀር ተነጥፎለታል።

«አያ ቢሻው! ጎማዬን ምነው ቀየሩብኝ?»

አያ ቢሻው ቀሐ ወንዝ አጠገብ በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ብስክሌት ሲጠግኑ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የሒክማ ቤተሰብ የሚኖረው ከአባቷ ጨርቅ መደብር በላይ፣ ፎቅ ላይ ስለሆነ ብስክሌቷን ጠዋት ጠዋት እሳቸው ጋ አስቀምጣ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው።

«እኔ ምን ቆርጦኝ!» አሉ ሽማግሌው። «ለምሳ ስሄድ ቆልፌ፣ ስመለስ ከፍቼ ነው የገባሁ። ቁልፉም ይኸው አንገቴ ላይ።»

የጠፋ ዕቃ አልነበረም። መፍቻዎቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው።

ሒክማ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በከተማው የታዳጊዎች ብስክሌት ቡድን ውስጥ ካሉት ሦስት ሴቶች አንዷ ናት። እሑድ ከአዘዞ እስከ ማክሰኝት የክሮኖ ውድድር አለ። ክሮኖ ላይ ተወዳዳሪዎች አንድ ላይ አይነሡም፤ አንድ በአንድ እየተለቀቁ እያንዳንዳቸው ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ። ከሴቶቹ ያሸነፈችው ለክልሉ ቡድን ተመርጣ ባሕር ዳር ትገባለች።

«በክሮኖ ጠላትሽ አየር ነው» ብለዋት ነበር አሰልጣኝ ካሣዬ ከወር በፊት። «የክሮኖ ብስክሌት የሚገዛልሽ የለም። ጎማ ግን መቀየር ትችያለሽ። በትንሽ ወጪ ብዙ ሰዓት የሚያተርፍልሽ እሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያልጠየቀችው ሰው የለም። እንደ ሰሐን ድፍን የሆነው የኋላ ጎማ ዋጋው ከሙሉ ብስክሌቷ ይበልጣል። አያ ቢሻው የድሮውን የኋላ ጎማዋን በስስ ፕላስቲክ ሸፍነው አሰሩላት፤ ርካሽ ነበር፣ ግን አዘዞ ሳትደርስ ተላቅቆ ሲንኳኳባት አስፋልት ላይ ጣለችው። በመጨረሻ የደረሰችላት የክፍሏ ልጅ የትነበርሽ ናት።

«መቀሌ ያለ ዘመዳችን ብስክሌት መወዳደር ሲያቆም የላካቸው ጎማዎች ናቸው» አለቻት። «ጥንዱን ውሰጂ። የቻልሽውን ትሰጪኛለሽ።»

የጎማዎቹ ቸርኬ አራት ጣት ይሰፋል፤ አየሩን ሰንጥቆ እንዲያልፍ የተሠራ ነው። ሲሽከረከሩ ሩቅ ሆኖ እንደሚያንጎራጉር ሰው ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ሒክማ መጀመሪያ ቀን ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አይታ ነበር። ማንም አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት ስትመለስ መልሳ የገጠመችው የፊት ጎማ እንደገና ተቀይሯል። በዚህኛው ቀን ጥቁሩ ታጥቧል። ጠዋት የያዘው ጭቃ ከራጂዎቹ፣ ከቀጫጭን ሽቦዎቹ መሐል ሳይቀር በጨርቅ ተጠርጎ ወጥቷል።

አያ ቢሻው አማተቡ። «ልጄ፣ ሌባ ቢሆን ይወስድ ነበር። ከተቆለፈ ቤት ገብቶ ጎማ አጥቦ የሚሄድ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ጠበል ልርጭበት እንዴ?»

ሒክማ ሳቀች። ሳቋ ግን አልዘለቀም። ጥቁሩን ጎማ መልሳ ገጥማ ማጥበቂያውን ሁለት ጊዜ ፈተሸችው።

ሐሙስ ማለዳ እናቷ ሙሚና «ቢስሚላህ ሳትዪ እንዳትወጪ» ብለው ሸኟት። መንገዱ የጥቅምት ጉም ለብሷል። አሰልጣኝ ካሣዬ በሞተር ከኋላ ይከተሏት ነበር፤ አዘዞን እንዳለፈች ግን የሞተሩም ድምፅ ራቀ። ከጎማዎቹ እንጉርጉሮ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ተዳ ስትደርስ ሰዓቷን አየች። በዚህ ፍጥነት ደርሳ አታውቅም።

ከተዳ ማዶ መንገዱ በሁለት ኮረብታዎች መሐል ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ስትደርስ መሪው ከእጇ ተነጠቀ። አንድ ሰው ከጉሙ ውስጥ እጁን ዘርግቶ የፊቱን ጎማ አንቆ የያዘው መሰላት። ስትታገለው ለቀቃት፤ ከዚያ እንደገና ያዛት። ፊት ለፊቷ የአይሱዙ መብራት ፈነጠቀ፣ ጥሩንባው ጮኸ፣ ጭነቱ ክንዷን ሊነካት ምንም ሳይቀረው በጎኗ አለፈ። ብስክሌቷን የመንገዱ ዳር ላይ አቁማ ወረደች።

ሞተሩ ደረሰ። «ምን ሆንሽ?» አሉ አሰልጣኙ።

«ምንም። ደከመኝ።»

እውነቱን ብትናገር ጎማዎቹን እንደሚያስወልቋት ታውቃለች። እስከ ተዳ የያዘችው ሰዓት ደግሞ ከዓይኗ አልጠፋም።

ዓርብ የምሳ እረፍቱ ረጅም ነው። ሒክማ አያ ቢሻው ደንበኛ ሲሸኙ ሹልክ ብላ ገባችና ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ኋላ ተቀመጠች። ሽማግሌው ቆልፈው ሄዱ። ቤቱ ውስጥ የፀሐይ ክሮች ከቆርቆሮው ቀዳዳዎች ወርደዋል። ቆርቆሮው ሲሞቅ ይንጣጣል፤ በተንጣጣ ቁጥር አንገቷን ወደ በሩ ታዞራለች።

ከዚያ የጀርባው ግድግዳ ተንቀሳቀሰ። አንዱ ቆርቆሮ ያለ ድምፅ ወደ ጎን ተገፋና አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። የሹራብ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ አጥልቋል። ዙሪያውን ሳያይ ቀጥ ብሎ ብስክሌቷ ጋ ሄደና ተንበረከከ። ቀኝ እጁ አይጨብጥም፤ በክርኑ ደግፎ በግራው ብቻ የፊቱን ጎማ ፈታ። አንሥቶ አሽከረከረው። ጆሮውን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። እንጉርጉሮው ጠባቧን ቤት ሞላት።

«ማነህ?» አለች ሒክማ። ከክምሩ ኋላ ብድግ አለች።

ሰውየው አልደነገጠም። ቀስ ብሎ ዞረ። የፊቱ ግማሽ አይንቀሳቀስም። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ረጅም ጊዜ ታገለ።

«ስ... ስንት ኪሎ ነሽ?»

ከሁሉም ይልቅ ይህ ጥያቄ ፀጉሯን አቆመው። «አርባ አራት» አለች ሳታስበው።

ራሱን ነቀነቀ። የማይጨብጠውን እጁን እንደ ግድግዳ አቆመና በግራ መዳፉ ከጎን ገፋው፤ እጁ ወደቀ። «የጎን ንፋስ» አለ ወደ ሰፊው ቸርኬ እያመለከተ። «እኔ... ስልሳ ስምንት። እኔንም ጣለኝ። ተዳ ማዶ።» ቃላቱ በየመሐሉ ይጠፉበታል። «የኋላው ሸጋ ነው። ፊተኛው... ላንቺ አይሆንም።»

የድሮውን ጎማ ገጠመላት፤ ማጥበቂያውን በጉልበቱ ተጭኖ አጠበቀው። ከዚያ በመጣበት ወጣ። ሒክማ በክፍተቱ ስታጮልቅ ያየችው ጓሮ የማን እንደሆነ ታውቃለች። እዚያ ግቢ ከየትነበርሽ ጋር ብዙ ጊዜ አጥንታለች፤ አይታው ባታውቅም ከክፍሉ የማይወጣ ወንድም እንዳላት ሰምታለች።

«ጎማዎቹ የወንድምሽ ናቸው» አለቻት ከሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር።

የትነበርሽ ፊቷ ተለወጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሱ።»

«ሙድ አትያዢብኝ፣ ሒክማ። ሐብተ ማርያም ከብስክሌት ከወደቀ ሁለት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ከክፍሉም አይወጣም።»

«ሰሞኑን በምሳ ሰዓት እየወጣ ጎማዬን ሲቀይር ነበር።»

የትነበርሽ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «ጎማዎቹ ከአልጋው ፊት ለፊት ተሰቅለው ቀኑን ሙሉ ሲያያቸው ይውል ነበር። እናቴ ክፍሉ በገባች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ከዓይኑ ይራቁ ብዬ ነው። ሳወርዳቸው እንኳ ምንም አላለም፤ የረሳቸው መሰለኝ። እውነቱን ብነግርሽ አትወስጃቸውም ነበር።»

«አልወስዳቸውም ነበር። እኔንም ሊጥሉኝ ነበር፣ የትነበርሽ።»

«በምን እንደወደቀ አላውቅማ! ማንም አያውቅም። ማን ይንገረን?»

ሒክማ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስትናደድ ብትቆይም ሐሙስ ዕለት እሷም «ደከመኝ» ብላ እውነቱን መደበቋ እየመጣባት ያቋርጣታል።

ቅዳሜ ለአሰልጣኝ ካሣዬ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። የኋላውን ጥቁር፣ የፊቱን የድሮውን አድርጋ እንደምትወዳደርም ነገረቻቸው።

«በፊቱ የምታጪው ሰከንድ አለ» አሉ አሰልጣኙ። «ልትበለጪበት ትችያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

አሰልጣኙ ስሟን ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። «ይሁን። መነሻው ላይ ሁለት እግርሽ ፔዳል ላይ ሆኖ ነው የምትነሺው፤ ከኋላ ኮርቻሽን ደግፎ የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻል። እኔ ሰዓት ላይ ነኝ። ማን ይያዝሽ?»

«ሰው አለኝ» አለች፤ ገና ሳትጠይቀው።

የግቢውን በር የከፈተችላት የትነበርሽ ናት። አልተሳሳሙም። ሒክማ ግን አልፋ ስትገባ ተከተለቻት። የሐብተ ማርያም ክፍል ተዘግቷል። አንኳኳች።

«አያ ሐብቴ» አለች በሩን ጠጋ ብላ፤ እህቱ እንደምትጠራው። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአዘዞ እነሣለሁ። የፊቱ ጎማ የድሮው ነው። ስነሣ የሚይዘኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሒክማ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ተይው በቃ» አለች የትነበርሽ በሹክሹክታ። «ሰው ፊት አይወጣም።»

ሒክማ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። «እጠብቃለሁ» አለች፤ ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

ፀሐይዋ ከግቢው ግድግዳ ላይ ስትወርድ ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ የእግር ኮቴ። ከአልጋ ሥር ሳጥን የሚጎተት ድምፅ መጣ፣ ቆመ፣ ሌላ ሳጥን ተጎተተ።

«የትነበርሽ» አለ የወንድ ድምፅ፣ ሸካራ። «ጫማዬን... የት አደረግሽው?»

የትነበርሽ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማ ቀረች። ሒክማ ተነሣችና ክንዷን ያዘቻት።

«እንፈልግልሃለን፣ አያ ሐብቴ» አለች።