ፀደይ በማይክ ያነበበችው ቁጥር

ፀደይ ደመላሽ የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ነው። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ከጎንደር ተዛውረው መጥተው እዚያው ቀሩ። ፀደይ ድምጿ ያምራል። ለዚህ ነው የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ ያደረጋት። ሚኒ ሚዲያ ታውቃላችሁ አይደል? ያ ጠዋት ሰልፍ ላይ እየጮኸ እንቅልፋችሁን የሚያባርረው ድምፅ ማጉያ!

አንድ ቀን የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ መምህር ገብረሃንስ ጠሯት።

"ስለ ቧንቧ ውሃና ስለ ሆድ ሕመም ዘገባ አዘጋጂ። ወሬ ብቻ እንዳይሆን፤ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሽውም ትነግሪኛለሽ።"

ጤና ጣቢያ ሄዳ መጠየቅ ነበረባት። ግን እዚያ ወረፋው ረጅም ነው፤ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል። ፀደይ ሰነፈች። ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ጸበል ስትሄድ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት። ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች መጠየቅ ጀመረች።

"በዚህ ወር ሆድዎን አሞዎት ያውቃል?"

"ሆዴን፣ ወገቤን፣ ጉልበቴንም! ሁሉንም ጻፊው ጓለይ፣ ልጄ" አሏት አንድ አዛውንት።

አስር ሰው ጠየቀች። ስምንቱ "አዎ" አሉ። ፀደይ ደስ ብሏት ጻፈች፦ "ከመቶ የመቀሌ ሰው ሰማንያው በቧንቧ ውሃ ታሟል።"

ጓደኛዋ ሩት አይታ ሳቀች።

"አንቺ! ጸበል የሚመጣ ሰው እኮ ስላመመው ነው የሚመጣው። ጤነኛው ቤቱ ተቀምጧል! ደግሞ ውሃው ነው ያሳመማቸው ያለሽ ማነው?"

"ዝም በይ እባክሽ። ማን ያውቃል?"

ሰኞ ጠዋት መምህር ገብረሃንስ ወረቀቱን አይተው ደነገጡ። "ሰማንያ? ይሄን ከየት አመጣሽው?"

ፀደይ መሬት መሬት አየች። እውነቱን ከተናገረች ማይኩ ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ነው።

"ከ... ከጤና ጣቢያ።"

አመኗት። እሷም "ከጤና ጣቢያ የተገኘ" ብላ በማይክ አነበበችው።

ከዚያ ፍርሃት እንደ እሳት ተዛመተ። በእረፍት ሰዓት ሮቶው ጋ፣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ፣ አንድም ልጅ አልቀረበም። አንዷ ጠዋት ጠጥቻለሁ ብላ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታ አለቀሰች።

ሀፊሳ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅም ነበረች። የፀደይ ጎረቤት ናት፤ ትምህርት ቤት የምትወስዳትም የምትመልሳትም ፀደይ ናት። እናቷ ዙሀራ ከወሎ መጥተው ገበያ ውስጥ ልብስ ይሸጣሉ። ሀፊሳ የያዘችውን ውሃ መሬት ላይ ደፋችው።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለች ፀደይ።

"ይገድላላ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው?"

"ቤት ስንገባ እነግራታለሁ" አለች ፀደይ በልቧ። ልጆች፣ እውነትን ቀጠሮ አትስጧት።

ቀኑ ሐሩር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሀፊሳ ስትጫወት ዞረባትና ወደቀች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ተገልብጧል። መምህር ገብረሃንስ አቅፈዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጡ። ፀደይ ከኋላ ተከተለች። "ብትሞትስ? ብትሞትስ?" እያለች ነበር።

ሀፊሳ አልጋ ላይ ስትነቃ ሲስተር ለተመድህን ጨውና ስኳር ያለበትን መድኃኒት በውሃ በጥብጠው አቀረቡላት። ልጅቷ ጥርሷን ገጠመች።

"ጠጪ ጓለይ፣ ውሃ ጠምቶሽ ነው።"

"አልጠጣም! የቧንቧ ነው!"

እናቷ ዙሀራ ተነግሯቸው ከገበያ እየሮጡ ገቡ። "ሀፊሳዬ! ምን አገኘብኝ?"

"እማ፣ እንዳይሰጡኝ በያቸው! እሞታለሁ! ፀደይ በማይክ ነግራናለች። ከጤና ጣቢያ ነው ያመጣችው!"

ሲስተር ለተመድህን ዞር አሉ። "ከየትኛው ጤና ጣቢያ? እኛ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አልተናገርንም።"

ሁሉም ፀደይን አዩዋት። "ከሌላ ነው" ማለት ትችል ነበር፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሀፊሳ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ፀደይ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

"ሀፊሳ፣ ዋሽቼ ነው። ጤና ጣቢያ አልሄድኩም። ጸበል ቦታ የታመሙትን ብቻ ጠይቄ ነው። ውሃው አይገድልም።"

ሀፊሳ አፍጥጣ አየቻት። "አሁንስ እየዋሸሽ ቢሆንስ?"

አያችሁ፣ አንዴ የዋሸ ሰው እውነት ሲናገርም አይታመንም። ፀደይ ምን ታድርግ? ኩባያውን ከሲስተር ለተመድህን ተቀብላ ጎንጨት አለችላት።

ሀፊሳ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች።

"አልሞትሽም?"

"አልሞትኩም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ሀፊሳ ኩባያውን ተቀብላ አንዴ ፉት አለች። ቀጥላ በሁለት እጇ ጨብጣ ጭልጥ አደረገችው። ዙሀራ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። "አንቺን እኮ አምኜ ነው ልጄን የምሰጥሽ፣ ፀደይ" አሉና አለቀሱ። ከዱላ የባሰ ቃል ነው።

በማግስቱ መምህር ገብረሃንስ ማይኩን አልነጠቋትም። "ያበላሸሽውን ራስሽ አስተካክይ" ብለው ሰጧት። ፀደይ "ትናንት ያነበብኩት ቁጥር ውሸት ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች። አንዳንዱ አፏጨባት። ሌላው ወደ ሮቶው ሮጠ።

በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዳ በፀሐይ ተሰለፈች። ሲስተር ለተመድህን የወሩን የሆድ ሕመምተኞች ቁጥር ሰጧትና "ይሄ እዚህ የመጣው ሰው ቁጥር ብቻ ነው። ቤቱ የተኛውን እኔም አላውቅም። በምን እንደታመመም ሁሉንም አላውቅም። እሱንም ጨምረሽ አንብቢ" አሏት። ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ ማንንም አላስደነገጠም። ፀደይ ግን "ያልተቆጠረም አለ" ብላ ጨምራ አነበበችው።

ልጆቼ፣ የማታውቁትን "አላውቅም" በሉ፣ የሰማችሁትንም ከየት እንደሰማችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ ውሸታችሁን የሚያምነው ሰው ነውና የሚጎዳው።